ጥቅሻና ስምምነት፦ ስለ ብሪጅ ጨረታ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣

በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ብሪጅ የካርታ ጨዋታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በአማርኛ ስለዚህ ጨዋታ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ ማንበብ የጀመርኩት በደስታ ነበር፤ ስለ ካርታው አጣጣል የቀረበው ማብራሪያም ጥሩ ነው። ሆኖም ጸሐፊው ጨረታው ዘንድ ሲደርሱ፣ ተጣማሪዎች አስቀድመው የሚስማሙባቸውን መግባቢያዎች «የተፈቀደ ጥቅሻ» ሲሉ ጠርተዋቸዋል። ይህ አጠራር ለጨዋታው እንግዳ የሆነን አንባቢ ከመነሻው የሚያሳስት ስለመሰለኝ፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በሳምንት አንድ ምሽት ከብሪጅ ጠረጴዛ የማልጠፋ ሰው እንደመሆኔ መልስ ልጽፍ ተነሣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥቅሻ ምን እንደሆነ አገር ቤት ካርታ ተጫውቶ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በሰፈራችን ጥንድ ጥንድ ሆነን ስንጫወት ጆከር የደረሰው ልጅ ጆሮውን ይነካካ፣ ካርታው ያላማረለት ደግሞ ጉሮሮውን ይጠራርግ ነበር። ጥቅሻ የሚሠራው ሌላው ወገን እስካላወቀው ድረስ ብቻ ነው፤ የታወቀ ዕለት ዋጋ ያጣል፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ጨዋታው በጠብ ይፈርስ ነበር። የብሪጅ መግባቢያ ግን ባላጋራ እያወቀው የሚሠራ ነው። እንዲያውም ባላጋራው እንዲያውቀው ማድረግ የተጫዋቹ ግዴታ ስለሆነ፣ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ስም መጥራት የውል ሰነድንና የተሰረቀ ደብዳቤን አንድ አድርጎ እንደ ማየት ነው።

የመግባቢያ አስፈላጊነት የሚመነጨው ከጨረታው ባሕርይ ነው። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ተጣማሪዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ 52ቱን ካርታ 13፣ 13 ይካፈላሉ፤ ካርታ መጣል ከመጀመሩም በፊት የትኛው ወገን ስንት ዙር እንደሚበላና ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች (ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርትና ስፔድ) የትኛው ትራምፕ፣ ማለትም ሌሎቹን የሚበልጥ፣ እንደሚሆን በጨረታ ይወሰናል። ከ1 ክለብ ተነሥቶ 7 ኖ ትራምፕ (ያለ ትራምፕ) የሚደርሰው መሰላል 35 ደረጃዎች አሉት፤ ፓስ (ማለፍ)፣ ደብልና ሪደብል (የውሉን ዋጋ ማባዛት) ሲጨመሩባቸው ተጫዋቹ ሊናገራቸው የሚችላቸው ቃላት 38 ብቻ ይሆናሉ። በአንጻሩ ለአንድ ሰው ሊደርሱ የሚችሉት የ13 ካርታ ስብስቦች 635,013,559,600 ናቸው። ተጣማሪዬ ከነዚህ ሁሉ የትኛውን እንደያዘ ሳላይ ለሁለታችን የሚስማማ ውል ላይ መድረስ ካለብኝና በእጄ ያለው ቋንቋ ይህን ያህል ደሃ ከሆነ፣ በቀጥታ ትርጉማቸው እምብዛም የማይፈለጉት ቃላት ሌላ ሥራ ሊሰጣቸው ግድ ነው።

ከሁሉ የታወቀውን ብቻ ልጥቀስ። ተጫዋቾች የእጃቸውን ጉልበት የሚለኩት አስን 4፣ ንጉሥን 3፣ ንግሥትን 2፣ ጃክን 1 ነጥብ ብለው በመቁጠር ሲሆን፣ በመላው ካርታ ውስጥ ያለው ድምር 40 ነው። ተጣማሪዬ 1 ኖ ትራምፕ ብሎ ከከፈተ፣ በእኛ ስምምነት ከ15 እስከ 17 ነጥብ እና በአራቱም ዓይነት ሚዛኑን የጠበቀ እጅ አለው ማለት ነው። እኔ ቀጥዬ 2 ክለብ ብል ስለ ክለብ አንዳች አልተናገርኩም፤ የጠየቅኩት አራት ኸርት ወይም አራት ስፔድ እንዳለው ነው። እሱም ከሌለው 2 ዳይመንድ፣ ኸርት ካለው 2 ኸርት፣ ስፔድ ካለው 2 ስፔድ ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው የሚያስፈልገው፣ በሁለታችን እጅ ከአንድ ዓይነት ስምንት ካርታ ሲገኝ ያንን ትራምፕ አድርጎ መጫወት ብዙ ጊዜ ከኖ ትራምፕ የተሻለ ስለሚያስበላ ነው። ከ1 ኖ ትራምፕ በኋላ 2 ክለብ ላይ ጨዋታውን ለማቆም የሚፈልግ ሰው ግን ብርቅ ነው፤ ቃሉ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ለጥያቄ ተቀጠረ። ይህ መግባቢያ ስቴይማን የተባለው ሳም ስቴይማን በ1945 ጽፎ ስላስተዋወቀው ነው እንጂ ያመነጨው ተጣማሪው ጆርጅ ራፔ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጃክ ማርክስም ለብቻው ደርሶበት ነበር። ራፔ በዚህ ተቀይሞ እንደሆነ አላነበብኩም፤ እኔ ግን በሱ ቦታ ብሆን እቀየም ነበር።

ልጆች ሳለን በወፍ ቋንቋ እናወራ ነበር፤ ደስታው ትልልቆቹ ሳይገባቸው መቅረቱ ነበር። የብሪጅ ሕግ የሚከለክለው ይህንኑ ደስታ ነው። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን የሚያወጣው የውድድር ሕግ በ40ኛው አንቀጹ፣ ተጣማሪዎች ያላቸው መግባባት ሁሉ ለባላጋራ የተገለጠ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። እዚህ አሜሪካ ባለው አሠራር እያንዳንዱ ጥንድ ስምምነቶቹን የጻፈበት አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ቅጽ ይዞ መቅረብ አለበት። ያልተለመደ ትርጉም ያለው ጥሪ ሲደረግም የጠሪው ተጣማሪ ወዲያውኑ ባላጋራዎችን ማንቃት ይገባዋል፤ ከተጠየቀም ትርጉሙን ያብራራል። ባላጋራው መልሱን ከሰማ በኋላ የሚያውቀው ነገር እኛ ስለ ስምምነታችን ከምናውቀው ማነስ የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነቅበት ዝርዝር አለ፤ የሚያብራራው ጠሪው ራሱ ሳይሆን ተጣማሪው ነው። ጠሪው ራሱ ቢያብራራ ተጣማሪው በጆሮው ይሰማዋል፤ ማብራሪያው ለባላጋራ የተሰጠ መስሎ ለተጣማሪ የተላከ መልእክት ይሆናል። ለዚህም ነው በኢንተርኔት ሲሆን አሠራሩ የሚገለበጠው፦ ጠሪው የራሱን ጥሪ ትርጉም ለባላጋራዎቹ ብቻ ይጽፋል፣ ተጣማሪው ጽሑፉን አያይም። በታላላቅ ውድድሮች ደግሞ በጠረጴዛው ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ግርዶሽ ይቆማል። ተጫዋቹ ተጣማሪውን ሳያይ ከአንድ ባላጋራ ጋር በአንድ ወገን ይቀመጣል፣ ጥሪዎቹ በትንሽ ትሪ ከግርዶሹ ሥር ይተላለፋሉ፣ ማብራሪያው በጽሑፍ ይሰጣል። በድምፅ መጥራትም ከቀረ ቆይቷል፤ በ1960ዎቹ ስዊድን ውስጥ የተጀመረው የጥሪ ካርዶች ሣጥን ዛሬ በየክለቡ አለ፤ የድምፅ ቃና መልእክት እንዳይሸከም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በከንቱ አልመጣም። በ1975 በቤርሙዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግርዶሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ በዋለበት ውድድር፣ ሁለት የጣሊያን ተጫዋቾች ከጠረጴዛ ሥር በእግራቸው ሲነካኩ ታይተው ተወቀሱ፤ ግርዶሹ ከላይ ያለውን ሸፍኖ እግራቸውን ረስቶት ነበር። በ2015 ደግሞ ኖርዌያዊው ቦዬ ብሮጌላንድ በአንዳንድ የዓለም ታላላቅ ጥንዶች ላይ ክስ ሲያነሣ፣ የተቀረጹ ቪዲዮዎችን የመረመሩ ተጫዋቾች አንዱ ጥንድ የካርታውን መያዣ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ ምልክት ሆኖ እንደሚያገለግል ደረሱበት። ጸሐፊው ጥቅሻን ማየት ከፈለጉ እነዚህ ናቸው። ስቴይማንን የሚያውቅ አንድም ባላጋራ አልተጎዳም፤ የመያዣውን ምልክት የማያውቅ ባላጋራ ግን ሁሉ ተጎድቷል።

ይሁን እንጂ ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። በእኔ ግምት ችግሩ ያለው በሁለቱ ጫፎች ሳይሆን በመካከል ነው፤ ማንም ሳይስማማበት፣ ሳይጻፍም፣ አብሮ በመጫወት ብቻ በሚፈጠረው መግባባት ላይ። ሕጉ ስምምነት በቃል ወይም በጽሑፍ የተደረገውን ብቻ አይልም፤ በልምድ የተገኘውንም ይጨምራል። በምጫወትበት ክለብ ለብዙ ዓመታት አብረው የተጣመሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በሦስተኛ ተራ ሲደርሰው ባዶ እጁን 1 ስፔድ ብሎ መክፈት ይወድ ነበር። ይህ በራሱ አይከለከልም፤ ተጫዋች ተጣማሪውንም ባላጋራውንም እኩል እስካሳሳተ ድረስ ያሻውን መጥራት ይችላል። ነገር ግን ለአራተኛ ጊዜ ሲያደርገው ተጣማሪው 12 ነጥብና አራት ስፔድ ይዞ፣ ከፍ ማድረግ ሲገባው ዝም ብሎ ፓስ አለ። ስንጠይቃቸው «ምንም ስምምነት የለንም» አሉ፤ በእውነትም ቁጭ ብለው አልተነጋገሩበትም ይሆናል። ግን አንዱ የሌላውን ልማድ አውቆ ሲጠነቀቅ እኛ ሳናውቅ ቀርተን ተበላን። ለእኔ ይህ ከጆሮ መነካካት የራቀ አይደለም፤ የከፋው ደግሞ አድራጊዎቹ ራሳቸው ንጹሕ ነን ብለው ከልባቸው ማመናቸው ነው።

የራሴንም ጉድ ልናገር። እኔና ተጣማሪዬ የተስማማነው፣ እሱ 1 ኖ ትራምፕ ከከፈተ በኋላ እኔ 2 ዳይመንድ ስል አምስት ወይም ከዚያ በላይ ኸርት እንዳለኝ ነግሬው እሱ 2 ኸርት እንዲል ነው። ኦስዋልድ ጃኮቢ በ1956 ለአሜሪካ አንባቢዎች ያስተዋወቀው ይህ ማሸጋገሪያ ጥቅሙ፣ ኸርትን መጀመሪያ የጠራው ባለ ብዙ ነጥቡ ተጫዋች ስለሚሆን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው የእኔ እጅ ሆኖ ጠንካራው እጅ ሳይገለጥ መቆየቱ ነው። አንድ ምሽት ስድስት ኸርት፣ ሦስት ዳይመንድና ጥቂት ነጥብ ይዤ 2 ዳይመንድ አልኩ። ባላጋራችን ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቅ ተጣማሪዬ ስምምነታችንን ረስቶ «ዳይመንድ አለው፤ እጁ ደካማ ነው» ብሎ መለሰ። ባላጋራው 2 ስፔድ አለ፤ ተጣማሪዬም በልበ ሙሉነት 3 ዳይመንድ።

አሁን እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? መርሳቱን ያወቅኩት ከማብራሪያው ነው፤ ማብራሪያው ደግሞ ለእኔ የተሰጠ አይደለም። ሕጉ ካልተፈቀደልኝ ምንጭ ባገኘሁት መረጃ እንዳልጠቀም በጥብቅ ያዘኛል፤ በሌላ አነጋገር ጆሮዬ እንዳልሰማ ሆኜ መጥራት አለብኝ። እንዳልሰማ ከሆንኩ ደግሞ የተጣማሪዬ 3 ዳይመንድ ትርጉሙ «ኸርትህን ወድጄዋለሁ፣ ዳይመንዴም ጠንካራ ነው» ይሆናል። ስለዚህ 3 ኸርት አልኩ። እሱ ሁለት ዓይነት ቀይ ካርታ የያዝኩ መስሎት ወደ 4 ዳይመንድ መለሰኝ፤ እኔም እንደገና 4 ኸርት አልኩ፤ ባላጋራችን ደብል አለ። ካርታ ከመጣሉ በፊት ዳኛ አስጠርቼ የተጣማሪዬ ማብራሪያ ከስምምነታችን ጋር እንደማይገጥም ለባላጋራዎቻችን ነገርኳቸው፤ የኛ ወገን ጨረታውን ካሸነፈ እርምቱ በዚያ ሰዓት መሰጠት አለበት፣ ተከላካዮች ብንሆን ኖሮ ግን እስከ ጨዋታው ፍጻሜ መታገሥ ነበረብኝ። ከጠራነው በሦስት ዙር አንሰን ወድቀን 500 ነጥብ ሰጠን። ከጨዋታው በኋላ አንዱ ባላጋራ «3 ዳይመንድ ላይ ዝም ብትል አንድ ዙር ብቻ በወደቅህ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ዳኛውም ቅጻችንን ሲያይ ኸርት የሚለው በግልጽ ተጽፎ ስላገኘ የተሳሳተው ማብራሪያው እንጂ ጥሪው እንዳልሆነ ለመወሰን አልተቸገረም። ቅጹ ባይኖር ኖሮ ሕጉ ራሱ የሚገምተው ማብራሪያው ስሕተት እንደሆነ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙ የኛ ነው ማለት ነው።

ለዚህም ነው የጽሑፉ ሌላ ምክር ያላስደሰተኝ። ጸሐፊው ጀማሪዎች «ብዙ መግባቢያ በቃላቸው ቢይዙ» እንደሚያሸንፉ ይመክራሉ። በስም መስማማት መስማማት አይደለም። አስ መጠየቂያውን እንውሰድ፤ በኢንዲያናፖሊስ የኢንሹራንስ ባለሙያ የነበረው ኢዝሊ ብላክዉድ በ1930ዎቹ ያመጣው፣ 4 ኖ ትራምፕ ብሎ የተጣማሪን አስ መቁጠር ነው። በኋላ የመጣው የተሻሻለው ዓይነት የትራምፑን ንጉሥ እንደ አምስተኛ አስ ይቆጥራል። እዚህ ላይ ዓለም ለሁለት ተከፍሏል፦ አንዳንዱ 5 ክለብ ሲል 0 ወይም 3 አለኝ ማለቱ ነው፣ ሌላው 1 ወይም 4። ሁለት እንግዶች ተገናኝተው «ይህን ትጫወታለህ?»፣ «አዎ» ተባብለው ቢቀመጡ በስም ተስማምተዋል፤ በትርጉም ግን አንድ አስ የጎደለው ስላም (6 ወይም 7 የተጠራበት ታላቅ ውል) ላይ ለመድረስ ተዘጋጅተዋል። ማሸጋገሪያውስ ባላጋራ መካከል ቢገባ ይሠራል? ስቴይማን ደብል ቢባልስ? 1 ኖ ትራምፕን ተከትሎ በቀጥታ የመጣ 4 ኖ ትራምፕስ አስ ይጠይቃል ወይስ 17 ነጥብ ካለህ ወደ 6 ውጣ ማለት ነው? እኔ አምስት መግባቢያ ብቻ ይዘው እነዚህን ጥያቄዎች እስከ ጥጋቸው የተነጋገሩ ጥንዶች፣ ሃያ ስም በቅጻቸው የደረደሩትን ሲያሸንፉ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ተጣማሪነት ሲጓደል ጉዳቱ በነጥብ ብቻ አይቀርም። በታኅሣሥ 1931 ኒው ዮርክ ውስጥ ኢሊ ከልበርትሰን እና ሲድኒ ሌንዝ የማን የጨረታ ሥርዓት እንደሚበልጥ ለመለየት 150 ራበር (ሁለት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ወገን የሚረታበት ግጥሚያ) ሊጫወቱ ሲገጥሙ፣ ጋዜጦች በየቀኑ ይዘግቡት ነበር። በመሃል ሌንዝ ከተጣማሪው ከዚያው ከጃኮቢ ጋር በአጨዋወት ተጣልቶ ጃኮቢ ጥሎት ወጣ፤ በሌላ ሰው ተተክቶ ግጥሚያው ሲያበቃ ከልበርትሰን በ8,980 ነጥብ አሸነፈ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በካንሳስ ሲቲ ከባሏ ጋር ተጣምራ የተጫወተች ሴት፣ 4 ስፔድ ወድቆባቸው ከተጨቃጨቁና ከመታት በኋላ በሽጉጥ ገድላዋለች፤ ፍርድ ቤትም በነጻ አሰናብቷታል። ባለቤቴ ብሪጅ ለመማር ፈቃደኛ ያልሆነችው ይህን ታሪክ ስለነገርኳት ይመስለኛል።

በአንድ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ግልጽነት ብቻውን የማይበቃበት ቦታ አለ። በፖላንድ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ የተጫወቱባቸው አንዳንድ ሥርዓቶች ትርጉሙን ከሥሩ ገልብጠውታል፤ ፓስ ማለት ጥሩ እጅ አለኝ ማለት ሲሆን፣ ደካማ እጅ የያዘው ሰው ግን አፉን መክፈት ይገደዳል። እንዲህ ያለውን ነገር በሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ተረድቶ መመከት ለባላጋራ ስለሚከብድ፣ የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ሥርዓቶችን በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ከፍሎ፣ እንዲህ ያሉትን ቢጫዎች ከአብዛኞቹ ውድድሮች አግልሏል። እገዳው ትክክል ነው እላለሁ፤ የወፍ ቋንቋን መዝገበ ቃላት ባላጋራው ለማንበብ ጊዜ ከሌለው መስጠቱ ሰጠ አያሰኝም። ሆኖም ይህ የጥቂቶች ነገር ነው፤ ሃሮልድ ቫንደርቢልት በ1925 በመርከብ ሲጓዝ የዛሬውን የነጥብ አሰጣጥ ከቀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ 1 ክለብ ስለ ክለብ ሳይሆን ስለ ጠንካራ እጅ የሚናገርበትን ሥርዓት ያወጣው ራሱ ነው። በትርጉም የተለወጠ ጥሪ ከጨዋታው ጋር የተወለደ እንጂ በኋላ ሾልኮ የገባ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ እርምት እጠይቃለሁ። ጽሑፉ ከአስ መጠየቂያው ጋር ባወጣው ሠንጠረዥ 5 ዳይመንድ «ሁለት አስ» ተብሏል። በተለመደው የብላክዉድ አሠራር 5 ክለብ አስ የለኝም ወይም አራቱም አሉኝ፣ 5 ዳይመንድ አንድ፣ 5 ኸርት ሁለት፣ 5 ስፔድ ሦስት ነው። ሠንጠረዡን ቆርጠው ያስቀመጡ አንባቢዎች ካሉ በሚቀጥለው እትም ቢታረምላቸው መልካም ነው፤ ያለዚያ አንዱ ከጋዜጣው፣ ተጣማሪው ከመጽሐፍ የተማሩ ሁለት ሰዎች አንድ ምሽት ተገናኝተው 6 ስፔድ ላይ ይደርሱና ሁለት አስ በባላጋራ እጅ ያገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ